ለእማዬ ከጀልባው ላይ የላክኩት ድምፅ

ባለፈው ሰኔ ልጄ ህሊና ከሥራ በቀጥታ ወደ እኔ መጣችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። መነጽሬን ፈልጌ አደረግኩ። ብርቱካናማ የዝናብ ካፖርት የደረቡ ሰዎች በአንዲት የላስቲክ ጀልባ ተሳፍረው ይስቃሉ፤ ከኋላቸው የዓሣ ነባሪ ጭራ ከውኃው ወጥቶ ቆሟል።

«አባዬ፣ ለሰባኛ ዓመት ልደትህ ቡክ አድርጌልሃለሁ» አለችኝ። «ስሞል ግሩፕ ነው፣ ትዌልቭ ፒፕል ኦንሊ። ዌልስ አለ፣ ዶልፊንስ አለ። ሁለት ቲኬት ነው የገዛሁት፣ አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለጋሽ መኮንን። ኮል ሳደርግለት እንዴት ደስ እንዳለው ብታይ!»

ያቺን ልጅ ተቆጥቻት የማውቀው ከሦስት ጊዜ አይበልጥም። ያን ቀን ግን ጮህኩባት። ማን ለምኖሽ ነው፣ ዓሣ ማየት አማረኝ ብዬሻለሁ ወይ፣ ከመኮንን ጋር ጀልባ ላይ ከምወጣ ብሞት ይሻለኛል አልኳት። ህሊና ስትናደድ አማርኛዋ ጥሏት ይሄዳል። «ዋት ኢዝ ሮንግ ዊዝ ዩ?» ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። እኔም ስካርቦሮ በሚገኘው አፓርታማዬ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ የመኪና ማቆሚያውን ሳይ አመሸሁ። ሥዕል እንደማይሸት አውቃለሁ። የእነዚያ ካፖርቶች የላስቲክ ሽታ ግን ቤቱን ሞልቶት ነበር።

የዛሬ አርባ ዓመት ግድም፣ ለአገሩ አዲስ ሳለን፣ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ አራት ወንዶች በሁለት መኝታ ቤት። ሊፍቱ በሳምንት ሁለት ቀን ይሠራል፤ በሌላው ቀን ደረጃ ነው። በኮሪደሩ ስታልፉ የስሪላንካዎቹ ቅመም፣ ቀጥሎ የፊሊፒኖዎቹ ደረቅ ዓሣ፣ መጨረሻ ላይ የኛው ቤት በርበሬ ይቀበላችኋል። ፓርላመንት እና ዌልስሊ ማዕዘን ላይ አንዲት ዶናት ቤት ነበረች፤ ቡና በስልሳ ሳንቲም ትገዙና ሦስት ሰዓት ብትቀመጡ ማንም አይናገራችሁም። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ስልክ ይሸጣሉ። የምድር ባቡር መሳፈሪያ ቶክን በኪሳችን እንደ ጌጥ ነበር የምንይዛት፣ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ከሳንቲም ጋር እየተደባለቀች የምታስቸግር። ልብሳችንን ከኬንሲንግተን ማርኬት ነበር የምንሸምተው። ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ ኮት፣ የሰው ላብ ያለሰለሰው የቆዳ ጃኬት። አንድ ቡኒ የቆዳ ጃኬት ነበረችኝ፣ በአሥራ ሁለት ዶላር የገዛኋት፤ ዚፑ ባይሠራም እሷን ለብሼ በያንግ ጎዳና ስሄድ የማላውቀው ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። የዛሬ ወጣቶች የሁለት መቶ ዶላር ጫማ አድርገው ፊታቸውን ያጠቁራሉ።

ሥራዬ መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። ክንዴን ዘርግቼ ካፖርት ማውለቅ በማልችልባት ሣጥን ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እሰጣለሁ። ያንንም ሥራ ያገኘልኝ መኮንን ነው። መኮንን አገር ቤት መምህር ነበር፤ እዚህ ደግሞ የሁላችንም አለቃ ሆነ፣ ማንም ሳይሾመው። አዲስ ሰው መጣ ሲባል ኤርፖርት ካፖርት ይዞ የሚቆመው እሱ ነው። ፎርም የሚሞላው፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው፣ የተጣላ የሚያስታርቀው እሱ። እኔን በአምስት ዓመት ቢበልጠኝ ነው፣ ግን እንደ ታላቅ ወንድም ነበር የማየው። ይህን የምለው የምወደው ሰው እንደነበረ እንድታውቁልኝ ነው። የማይወዱት ሰው ይህን ያህል አያቃጥልም።

እናቴ ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ከትልቋ እህቴ ከእትዬ ዓለሚቱ ጋር ትኖር ነበር። ማንበብ አትችልም። ደብዳቤ ብጽፍላት የጎረቤት ተማሪ ነው የሚያነብላት፣ እሱም ያሻውን እየዘለለ። ስልክ አንዱ ደቂቃ ሦስት ዶላር ነበር፣ ያውም መስመር ከተገኘ፤ ደግሞ እማዬ ስልኩን ስትይዝ ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም። ስለዚህ ድምፄን በካሴት እየቀዳሁ በመንገደኛ መላክ ጀመርኩ። ትንሽ የጃፓን ቴፕ ነበረችኝ። በሣጥኔ ውስጥ ተቀምጬ፣ መኪና በማይገባበት ሰዓት፣ የበላሁትን፣ የለበስኩትን፣ በረዶው የት ድረስ እንደመጣ እነግራታለሁ። እሷም ካሴቱን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው ብላ እትዬ ጽፋልኝ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ከነነዌ ጾም በኋላ፣ በተማሪው እጅ አንድ ጥያቄ ላከችልኝ። ዮናስን የዋጠው ዓሣ አንበሪ አንተ ባለህበት አገር ባሕር ውስጥ አለ ይሉኛል፣ እውነት ነው ወይ? ካየኸው ዐይኑ ምን እንደሚመስል ንገረኝ። እማዬ ያንን ጾም ሦስቱንም ቀን ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ነበር የምትጾመው፤ ዓሣውን እንደ ዘመድ ነበር የምታስበው። ይህን ለጓደኞቼ ሳወራ ሆቴል የምትሠራው አልማዝ ከእንግዳ መቀበያው አንድ ወረቀት አመጣችልን። ኪቤክ ውስጥ፣ ወንዙ ባሕር ሊሆን ሲል፣ አሥራ ሁለት ሰው በምትይዝ ጀልባ ዓሣ ነባሪ ያሳያሉ ይላል። ለሰው ሠላሳ ዶላር። ክረምቱን ሙሉ ስለዚያ ጉዞ ሳወራ ሰው አሰለቸሁ። ዘጠኝ ሆነን ልንሄድ ተስማማን፣ ለነሐሴ ማለቂያው ረጅም ዕረፍት ቫን ተከራየን።

ከንጋት እስከ ምሽት ነዳን። አሁን ሳስበው ነገሩ ሁሉ ፊቴ ላይ ነበር። ከፊት ያለው ወንበር የኔ ሆነ፣ ያውም እግሩ ረጅም የሆነው ተፈራ ከኋላ ተጣጥፎ። ምሳ ላይ ትልቁ ቁራጭ ወደ እኔ ሳህን ይመጣል። ልክፈል ስል ሁሉም እጄን ይይዛሉ። የቫኑ ቴፕ ትዝታ መዝፈን ሲጀምር አልማዝ ካሴቱን ነቅላ «ይሄ ደግሞ ለመንገድ ይሆናል?» አለችና የሠርግ ዘፈን ከተተችበት። እኔ ሞኙ የተወደድኩ መሰለኝ። ዘጠነኛው ሰው እኔ ነበርኩ፤ ስምንቱ ያውቁ ነበር። ሰው ያለ ምክንያት ደግ ሲሆንባችሁ ጠርጥሩ።

በማግሥቱ ጠዋት ብርቱካናማውን ካፖርት አለበሱን፣ ከላዩ ላይፍ ጃኬት አሰሩብን። ከኛ ሌላ አንድ ሽማግሌና ባለቤቱ፣ ካሜራ ያንጠለጠለች አንዲት ሴት ነበሩ። ካፒቴኑ ፈረንሳይኛ ብቻ የሚናገር ዓሣ አጥማጅ ነው፤ በእጁ ነበር የሚያወራን። ውኃው ጥቁር ነበር፣ ነፋሱ በነሐሴ ማለቂያ የጥር ነፋስ። አንድ ሰዓት ያህል ምንም አልታየም። ከዚያ ዶልፊኖች መጡ፣ ስድስት ይሁኑ ሰባት፣ በጀልባዋ ጎን እየዘለሉ። አልማዝ እንደ ልጅ ጮኸች። ካፒቴኑ ወዲያው ሞተሩን አጠፋና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ዝም ስንል ሰማነው። አንድ ነገር ከጀርባችን እፍ ብሎ ተነፈሰ፣ የበሰበሰ ዓሣ ሸተተን፣ ዞር ስንል ጀርባው ብቻ እየተንከባለለ አለፈ፣ አላልቅ አለ። አንድ ነጭ ደግሞ፣ ትንሽ ዘር ነው፣ ጀልባዋ አጠገብ ጎኑን አዙሮ ወደ ላይ አየን። ዐይኑን አየሁት። ከበሬ ዐይን አይበልጥም፣ ሽፋሽፍት የለውም፣ ረጋ ያለ ነው። ቴፔን ከጉያዬ አውጥቼ ቁልፉን ተጫንኩ።

«እማዬ፣ ታዴ ነኝ! ይኸው ዓሣ አንበሪሽ ፊት ለፊቴ ነው! ዐይኑ ትንሽ ነው እማዬ፣ የደግ ሰው ዐይን ነው፣ ዮናስ አልፈራም ነበር ማለት ነው!» እያልኩ ስቄ ልሞት። አልጠገብኩም። ቴፑን ለመኮንን አቀበልኩት። «በሉ፣ ሁላችሁም ሰላም በሏት» አልኳቸው።

መኮንን ቴፑን ተቀብሎ ወደ አፉ አስጠጋው። ከዚያ ያ የመምህር ድምፁ መጣ። «እማማ ዘነበች፣ እንዴት ነዎት? መኮንን ነኝ። ልጅዎ ደህና ነው፣ አያስቡ። እኛ አለንለት።» ለአልማዝ ሰጣት። አልማዝ «እማማ…» አለችና ነፋሱ ነው ብላ ዐይኗን ጠረገች። በተራ ሁሉም ተቀባበሉት። እማማ ጤና ይስጥልን፣ እማማ ፀሎትዎ አይለየን፣ እማማ በአካል ያገናኘን። ተፈራ ዘንድ ሲደርስ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶ በጀልባዋ ጠርዝ ተደፋና ማስታወክ ጀመረ። «ተፈራን ባሕር ጣለው!» እያልኩ በካሴቱ ላይ ሳቅኩበት። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ያን ቀን ያልዋሸኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ካሴቱን አዲስ አበባ ለምትሄድ ሴት ሰጠኋት። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እነዚያው ስምንት ሰዎች ናቸው፣ አሁን ጥቁር ለብሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። አልጠየቅኩም። ለምን እንደመጡ ማወቅ ለኛ ሰው ቋንቋ አይፈልግም። አልማዝ ቀድማ ጮኸች፣ ቀጥሎ እኔ፣ ኮሪደሩ በለቅሶ ተናጋ፤ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ፣ መኮንን በር ላይ ቆሞ ለፖሊሱ ባህላችንን ሲያስረዳ ሰማሁት። እያለቀስኩ «መቼ?» አልኩ። ደግሜም «መቼ ነው?» ስል መኮንን አጠገቤ ቁጭ አለና «ታዴ፣ ከሐምሌ በፊት ነው» አለኝ።

የሞት ደብዳቤ ለባለቤቱ አይላክም፤ ለወዳጁ ነው የሚላከው። እትዬም ወጉን ጠብቃ ለመኮንን ነበር የጻፈችው፣ በዘዴ አርዱልኝ ብላ። ደብዳቤው የደረሰው ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት ነው። ስምንቱ ተሰብስበው መከሩ። ይህን ሁሉ ወር ዓሣ ዓሣ ሲል የከረመ ልጅ ነው፣ አንድ ቀን ይደሰት፣ ከዚያ እንነግረዋለን ተባባሉ። እስከዚህ ድረስ ምናልባት ይቅር እል ነበር። መኮንን ግን እትዬ እንዳትጨነቅ ብሎ ያኔውኑ መልስ ጻፈላት። ነግረነዋል፣ በጣም አዝኗል፣ ግን በርትቷል አላት።

እንግዲህ አስቡት። ካሴቴ ደሴ የደረሰው ለእማዬ የሰማንያ ቀን ተዝካር ሰው በተሰበሰበበት ሰሞን ነው። እትዬ ወንድሜ እናቱን በሩቅ አገር ሆኖ አልቅሶላታል ብላ፣ ለቅሶዬን ሰው ሁሉ ይስማው ብላ፣ ድንኳኑ መሀል ቴፑን ከፈተችው። ሳቄን ሰሙ። የሞተችውን እናታችንን ስምንት ሰው በሳቅ እየተቀባበለ ጤና ይስጥልን ሲላት ሰሙ። ከዚያ በኋላ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው የላከችልኝ፣ አራት መስመር። እናትህ ሞታ፣ መሞቷን እያወቅክ፣ ከዓሣ ጋር ስትስቅ አገር ሰማህ። ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም። ብዙ ጻፍኩላት። አላውቅም ነበር ብዬ ማልኩላት። መኮንን ነግረነዋል ብሎ በገዛ እጁ ጽፎልኛል፣ መምህር ይዋሻል ወይ አለች አሉ። ስልክ ሲረክስ ደወልኩ፤ ድምፄን ስትሰማ ትዘጋዋለች። ከአራት ዓመት በፊት አረፈች። ልጇ በቫይበር ነው የጻፈልኝ፣ ሥራ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት።

ከመኮንን ጋር ግን አልተጣላንም። ይህን ነው ህሊና ሊገባት ያልቻለው። ልጆቻችንን አብረን አስጠመቅን፣ አብረን ዳርን፣ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆምን። ስለ እትዬ አንድ ቀን ብቻ አንሥቼበት «ለሷም ለአንተም አዝኜ ነው» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈስንም። ውስጤ ግን ምሎ ነበር። የማንም ሞት በኔ እጅ አንድ ቀን አያድርም ብዬ። ስንት መርዶ ሲመከርበት ተነሥቼ ወጥቻለሁ፤ ታደሰ ጨካኝ ነው ይሉኛል፣ ይበሉኝ።

ህሊናን ከሳምንት በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ይህንንም ሁሉ ነገርኳት። «አባዬ፣ ዛትስ ሶ መስድ አፕ» አለችና፣ እንዴት ያለ ጉድ ነው ማለቷ ነው፣ አቀፈችኝ። ቲኬቱን ካንስል ላድርገው ስትል፣ እኔ ነኝ ተዪው ያልኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አርጅተናል፣ ምናልባት እዚያው ውኃ ላይ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ይናገር ይሆናል ብዬ ይሆናል። መኮንን ከሚስቱ ሞት በኋላ ብቻውን ነው የሚኖረው። በየቀኑ እየደወለ ስለ ጉዞው ይጠይቀኝ ጀመር።

ልንሄድ አራት ቀን ሲቀር የመኮንን ልጅ ትዕግሥት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ታፍኗል። «ጋሼ፣ አጎቴ ጌታቸው ትናንት አዲስ አበባ አረፈ። አባቴ አልሰማም። እባክዎ፣ ትሪፑ በጣም ኤክሳይት አድርጎታል፣ ሂዱና ይደሰት። ስትመለሱ ሰው ሰብስበን እንነግረዋለን። እርስዎም ይኖራሉ፣ አይደል?»

ስልኩን ዘጋሁባት። ጌታቸው የመኮንን ብቸኛ ወንድሙ ነበር። ካፖርቴን ለበስኩና ባስ ያዝኩ። መንገዱን ሁሉ ለእውነት ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግረው ሄድኩ። ዛሬ እዚህ ስጽፈው ግን አልዋሽም፤ ደስ የሚል ነገርም ነበረው። አንድ ጊዜ እንኳ በጊዜው የተነገረ እውነት ምን እንደሚመስል ላሳየው ነበር የፈለግኩት።

በሩን ራሱ ከፈተው። ለብሶ የሚለካው አዲስ ሰማያዊ ጃኬት ላይ የዋጋው ወረቀት እንደተንጠለጠለ ነው። «ታዴ! ግባ ግባ፣ እስቲ ይህን እየው፣ ለዚያ ነፋስ ይበቃል ብለህ ነው?» አለኝ።

«መኮንን፣ ተቀመጥ» አልኩት። አልተቀመጠም። «ጌታቸው ሞቷል። ትናንት ነው። ልጆችህ ከጉዞው በኋላ ሊነግሩህ ነበር።»

ፊቱ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። እኔን አላየኝም፣ በትከሻዬ አልፎ በሩን ነው ያየው። ሄዶ ከፈተው። ኮሪደሩን ወደ ግራ ተመለከተ፣ ወደ ቀኝ ተመለከተ። ምንጣፉና መብራቱ ብቻ ነው ያለው።

«ሌሎቹስ?»

«ሌላ ሰው የለም። ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

«ብቻህን?» አለኝ። ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አፉን ከፈተ፤ ጩኸቱ ግን አልወጣም። እጁን ወደ ደረቱ አነሣና አየር ላይ ተወው፣ ማን ይይዘኛል የሚል ይመስል። እኔ ደግሞ ላለቅስለት ሞከርኩ፣ እንባ እምቢ አለኝ። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነን ማልቀስ አቃተን።

ከዚያ ቀና አለ። «እኔ እኮ፣ ታዴ» አለኝ፣ ቁጣ የለበትም፣ «እኔ እኮ ሰው ይዤ ነበር የመጣሁልህ።»

ለዚህ መልስ ነበረኝ። ወደ አርባ ዓመት ያዘጋጀሁት መልስ፣ እህቴ ያለችበት፣ ሳቄ ያለበት፣ የእሱ ደብዳቤ ያለበት። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አጠገቡ ስቀመጥ ግን ትከሻው በጃኬቱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ስልኬን አወጣሁና ትዕግሥት ጋ ደወልኩ።

«ነግሬዋለሁ» አልኳት። «ቶሎ ነይ፣ ሰው ይዘሽ ነይ።»